ቀለም የዘለቃት

ኢሎኢሎ ከተማ፣ ከኮሌጁ በር ፊት፣
ከጫማ ጠጋኙ ቀጥላ ያለች ቤት፣
የኔ ናት። ሁለት ማሽን፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ድመት።
ጣራዋን ዓመቱን ዝናብ ሲነርተው፣
"ገጹ አንድ ፔሶ" ይላል በሯ ላይ ያለው።

ኦርቴንስያ ነኝ። ትምህርት ካቆምኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ፤
ግን ቀለም ዘልቆኛል፤ አይለቅም ከጥፍሬ፣ ከመዳፌ፣ ካንገቴ።

ማሽኑ ምን ያውቃል? ሕግም ይሁን ግጥም
አረንጓዴ መብራቱ አይመርጥም፤
ያንኑ ያህል መጥቶ፣ ያንኑ ያህል ሄዶ፣
ሁሉንም ያትማል፣ በአንድ ፔሶ ፈርዶ።

ጠዋት ነርሶች ናቸው፤ የልብ ሥዕል ይዘው፣
አራት ክፍል ያለው፣ ቀስት የወረረው፤
"ከለር ይሁንልኝ፣ ደም ሥሩ እንዲለይ።"
ከለር የለም ልጄ፤ ጥቁር ልብ ይበቃሻል፣ ነይ!

ከሰዓት ነጋዴዎች፣ የንግድ ሥራ ተማሪ ማለቴ፣
እነሱ ናቸው ሂሳብ የሚከራከሩኝ በቤቴ፤
"አቅርቦትና ፍላጎት" የሚለውን እያስባዙ
"መቶ ገጽ ከሆነ ስንት ትቀንሻለሽ?" ብለው ሲያዋዙ፣
"ፍላጎቱ ያንተ ነው፣ አቅርቦቱ እኔ ጋ፤
መጀመሪያ አንብበው፣ ከዚያ ና ስለ ዋጋ!"

የሥነ ጽሑፍ ልጆች ይረሳሉ ጃንጥላ፤
ገንዘብም ይረሳሉ፤ መጽሐፉንም በኋላ።
አንዱ ትቶት የሄደ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣
ጀምሬ ነበረ፤ ገጽ ዘጠና ላይ አለቀ፤
ሴትዮዋ ከመርከብ ልትወርድ ስትል። ይኸው
እስከ ዛሬ መሰላሉ ላይ ነች፤ የሚያወርዳት ማነው?

ሕግ ግን የሚመጣው ማታ ነው፤ ከመሸ፣
ዓይኑ ደም የመሰለ፣ ሸሚዙ የቆሸሸ፤
"የኮንራዶ ደብተር አለሽ?" ይላል በሹክሹክታ፣
የሚደብቀው እንዳለ፣ ግራ ቀኝ አይቶ ላፍታ።

አለኝ። ዋናው እኔ ጋ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት
በጎማ ታስሮ፣ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከደረሰኝ በታች ያለበት፤
ስለ ውል፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ዋስ፣ ስለ ይርጋ፣
ኮንራዶ የጻፈው ሌሊት እስኪነጋ፤
ከቅጂው ቅጂ ወጥቶ፣ የቅጂው ቅጂ ወልዶ፣
ስንቱ ካባ ለበሰ፣ እየማለ በኮንራዶ!

እሱ ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ክፍያው አቃተው።
ዛሬ ጂፕኒ ይነዳል፤ በደጄ ነው የሚያልፈው።
ጥሩንባው ዳክዬ ነው፤ ሲያልፍ ይጮኽልኛል፤
እጄን አነሣለሁ። ይህ ለሁለታችን ይበቃናል።

አምና በጥቅምት ወር፣ ውሃው መንገዱን ሲሞላ፣
የውል ሕግ መምህርቷ ገቡ፣ ያለ ጃንጥላ፤
ባንኮኒዬ ላይ የፈተና ወረቀት ጣሉ።
"የጽሑፍ ውል ይርጋው አሥር ዓመት ሆኖ ሳለ፣
አሥራ ሰባት ተማሪ እንዴት 'ስድስት' አለ?
ኮንራዶ የሚባል ከክፍሌ የለም፤ ፈልጌአለሁ፤
ግን በየዓመቱ ይፈተናል፤ እኔም በየዓመቱ እጥለዋለሁ!"

ሲወጡ መሳቢያውን ሳብኩ። ገጽ አርባ አንድ።
መስመሩ ወደ ታች ዘሟል፣ እንደ ቁልቁለት መንገድ።
እንቅልፍ ነው የጻፋት ያቺን "ስድስት"፤
ገጹን ሳይ ገጹ ታየኝ፤ ያ የሃያ ዓመቱ ወጣት።

ነጭ ማጥፊያ አለኝ። ክዳኑን ፈታሁ፤ ከደንኩ፤ ፈታሁ።
ስንት ዓመት የሰው ቃል ገለበጥኩ እንጂ መች ጻፍኩ፣ መች ነካሁ?

ከዚያ፦ አሥር። በቁጥር። ዜሮዋ ትንሽ ጠመመች፤
ከኮንራዶ ቁጥሮች ወፈር ብላ ተቀመጠች።
እስኪደርቅ ነፋሁበት፤
ማሽኑ ላይ ዘረጋሁት፤ መብራቱ አለፈበት፣
እንደ ሁልጊዜው፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቆም፣ ሳይገርመው፤
ማን ጻፈው የማይል፣ ቀለም ከሆነ የሚያምነው።

ዘንድሮ አንድ ልጅ፣ መነጽሩ ጉም የለበሰ፣
ገጽ አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ጣቱን መለሰ፦
"ይቺ ቁጥር የማን ናት? የኮንራዶ አትመስልም።"
ውጭ ዳክዬው ጮኸ። እጄን አነሣሁ።
"ሰባ ሁለት ገጽ፣" አልኩት፤ "ሰባ ሁለት ፔሶ። ዱቤ የለም።"